የአዴ ጫልቱ የስፌት መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ከትምህርት ወጥቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናቡ ነቀምቴ ከኒሳ ቀሴ ሰፈር ላይ ያዘኝና በአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰውየው የኤሌክትሪክ ካውያውን ትቶ ከሣጥን ውስጥ አሮጌ የከሰል ካውያ አውጥቶ ውሃ የተረጨ ሱሪ ይተኩሳል። እርጥብ ጨርቅ የጋለ ብረት ሲነካው የሚወጣው ያ ሽታ ከስፌት መኪና ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሲደርሰኝ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሰውየው በርጩማ አቀረበልኝ። «እማማ፣ ደህና ነዎት?» አለ። ደህና ነኝ አልኩት። ካውያውን አስቀምጦ መኪናው ላይ ተቀምጦ መርገጥ ሲጀምር ግን ደህና አልነበርኩም። ጆሮዬ ከእሱ መኪና ድምፅ ጀርባ ሌላ ድምፅ ይጠብቅ ነበር፤ የሚያነክስ ድምፅ።

በቦርሳዬ ውስጥ የቤት ሥራችን ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጆቼ አይሆንም ቢሉኝም በቅዳሜና እሑዱ ትምህርት ተመዘገብኩ። መምህራችን በሰሌዳው ላይ የጻፉልን ጥያቄ ይህ ነው፦ «በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግ ጋብቻ በሕግ ሊፈቀድ ይገባል ወይስ አይገባም? የግል አስተያየታችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ ጻፉ።» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱ ልጅ ከኋላ «አዴ ሙሉ ትመልስልን!» ሲል ሳቁ ባሰ፤ አዴ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ ሙሉ ደግሞ እኔ ነኝ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «በአገራችን ሕግ ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የማየው እንዴት እንደምታስቡ ነው» አሉ። እኔ ጥሩ ውጤት የምወድ ተማሪ ነኝ። ሁሉም ሰው የሚጽፈውን መልስ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ከበረንዳው ስመለስ ቀደድኩት። አሁን የምጽፈው ከርዕሱ የራቀ ቢመስልዎት፣ መምህር፣ እስከ መጨረሻው ይታገሡኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በልቤ አልያዝኩትም። የያዝኩት በዝናብ ውስጥ ቿ ቿ የሚለውን የኮንጎ ላስቲክ ጫማ፣ ጉልበት ላይ ጠበብ ብሎ ከታች የሚሰፋውን ቤል ሱሪ፣ እንደ ጥቁር እንጉዳይ የተነፋውን አፍሮ ነው። ሻይ ቤት ገብተህ ፓስቲ በልተህ ሻይህን ጠጥተህ ከሃያ አምስት ሳንቲም መልስ ትቀበል ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ስለነበር እኔ ያንን ዘመን በጨርቅ ነው የማስታውሰው፤ አቡጀዲው፣ ቴትሮኑ፣ በጣት ሲነካ የሚንሸራተተው ሳቲን። ካኪው እየበዛ ሲሄድ ሳቲኑ ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ወረደ። ማታ ማታ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የኪነት ቡድኑን መዝሙር ይለቅና በመሐል ይቆረጣል፤ ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ የስብሰባ ጥሪ ያነባል። አሁን የሞባይል መሸጫ ሱቅ ያለበት ማዕዘን ላይ ያኔ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ ሰው ሲጠፋ ቤተሰቡ እዚያ ሥር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ከተማው ጆሮው የነቃ ነበር፤ በር ሲንኳኳ፣ መኪና ሲቆም፣ ሁሉም ሥራውን ትቶ ያዳምጣል።

እኔና ባለቤቴ ደጀኔ እንደተጋባን የምንኖረው በአንዲት ጠባብ የቀበሌ ክፍል ነበር። ደጀኔ መንገድ ሥራ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ሰፋ ያለ፣ ሁለት መስኮት ያለው፣ በረንዳው ወደ ገበያው መንገድ የሚያይ ቤት አለ። እዚያ የሚኖሩት አዴ ጫልቱና የሺ ነበሩ፤ ሁለቱም ሙሽራ ሰፊዎች። ሁለቱም በዕድሜ በብዙ ይበልጡኛል፤ «አንቱ» ስላቸው ግን ይቆጡኝ ነበር። አዴ ጫልቱ የአገሩ ልጅ ናት፤ ወንድሟ ቢላ ከተማ ይነግዳል። የሺ በጃንሆይ ጊዜ ከወሎ የተዛወረ ፖሊስ ልጅ ናት፤ አባትና እናቷ ሞተው ብቻዋን ቀርታለች። መቼ አብረው መኖር እንደጀመሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ሳውቃቸው እንደ አንድ ቤት ሰው ነበሩ።

ከሩቁ ከኑኑ ቁምባ ወረዳ ሳይቀር በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው የሚመጡ ሙሽሮች ነበሩ። የሺ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ዳንቴሉን ትገጥማለች። ቀሚሱን የምትሰፋው አዴ ጫልቱ ናት። አዴ ጫልቱ በልጅነቷ አንድ እግሯ ታሞ ቀጥኖ ቀርቷል፤ መኪናዋን የምትረግጠው በደህናው እግሯ ብቻ ስለሆነ ድምፁ እንደ ሌላው ሰው አይሄድም። የየሺ መኪና እንደ ዝናብ ወጥ ነው። የአዴ ጫልቱ ግን ጠክ ይልና ያርፋል፣ ከዚያ ጠክ ጠክ ጠክ ብሎ ይሮጣል፣ እንደገና ያርፋል። ሁለቱን በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ነው ምሳ የምሠራው። ደግሞም ግራኝ ነበረች። በእጇ የምትጠልፈው የቀሚስ ጠርዝ ሁሉ ወደ ተቃራኒ ያዘነብል ነበር፤ ነቀምቴ ውስጥ ቬሎ ለብሳ ያገባች ሴት የቀሚሷን ጫፍ ገልብጣ ብታይ የአዴ ጫልቱን እጅ ታውቀዋለች።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የሙሽራ ቀሚስ ሲሰፉ የታችኛውን ጠርዝ ሙሉ ለሙሉ አይዘጉትም፤ ስንዝር የምትሆን ቦታ ክፍት ትተው ያስረክባሉ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት አዴ ጫልቱ እያነከሰች ወደ ሙሽራዋ ቤት ትሄዳለች፤ ሙሽራዋ ቀሚሱን ለብሳ ቆማ ሳለ እግሯ ሥር ተቀምጣ ያቺን ስንዝር በእጇ ትዘጋለች። የእኔንም የዘጋችው እሷ ናት። «ለምን ቀድመሽ አትጨርሺውም?» ብላት፣ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ፣ «ጠርዙ የተዘጋ ቀሚስ ባለቤቱ የታወቀ ቀሚስ ነው፣ ኢንተላ። ሙሽራዋ ሳትቆምበት እንዴት ይዘጋል?» አለችኝ። ኢንተላ በኦሮምኛ ልጄ፣ ልጅት ማለት ነው፤ እኔን ሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም።

አዴ ጫልቱ የሺን «ሀደ መና» እያለች ትጠራት ነበር። በዚህ አገር ባል ሚስቱን የሚጠራበት ስም ነው፤ የቤት እናት እንደማለት። ደንበኛ በበረንዳው ሞልቶ ሳለ «ሀደ መና፣ መቀሱን!» ስትል ሰው ሁሉ ይስቃል። ሙሽሮቹ «አዴ፣ ታዲያ ጥሎሽ ስንት ሰጠሽ?» ይሏታል። «አንድ ካውያና ግማሽ እግር» ትላለች። የሺም አንገቷን ደፍታ መቁረጧን ትቀጥላለች፤ ጆሮዋ ግን ይቀላል። ሁላችንም እንስቅ ነበር። እነሱ ግን አይስቁም ነበር፤ ያን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሺ በረንዳው ላይ ሞቅ ያለ ውሃ በጨው ታዘጋጅና ያንን የቀጠነ እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ታሽላት ነበር። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ። ደጀኔ ደግ ሰው ነው፤ ሆኖም የእኔን እግር እንደዚያ ይዞ አያውቅም። አይቼ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ የተሰማኝን ለማንም አልነገርኩም፤ ስሙንም አላውቀውም ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምት ከመግባቱ በፊት ቤታቸው ውስጥ አንድ ነጭ የሳቲን ቀሚስ ተሰቅሎ አየሁ። ሳምንታት አለፉ፤ የሚወስደው አልመጣም። «ይህ የማን ሙሽራ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። አዴ ጫልቱ ከመኪናዋ ቀና ሳትል «የዚሁ ቤት ነው» አለች። እኔ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ትከሻው ጠባብ፣ ቁመቱ ረጅም፤ ለማን እንደተቆረጠ ለማወቅ ሜትር አላስፈለገኝም። የሺ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የታችኛው ጠርዝ ላይ ያቺ ስንዝር ክፍት ነበረች።

አዴ ጫልቱ የሞተችው ዝናቡ ሌት ተቀን በሚወርድበት ሰሞን ነው። ሳንባዋን ነው ተባለ። አዴ ጫልቱ የምትሄድበትን የወንጌላውያን ቸርች በዚያ ጊዜ መንግሥት ዘግቶት ስለነበር ሰዎቿ መዝሙሩን በጉም ውስጥ እየተራመዱ በለሆሳስ ዘመሩላት፤ የእግራቸው ድምፅ ከመዝሙሩ ይበልጥ ነበር። ለቅሶ ላይ ዋናው ቦታ የተሰጠው ከቢላ ለመጣው ወንድሟ ለኦቦ ገመቹ ነው፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው። ሰው ሁሉ እየሄደ እሱን አጽናና። የሺ ከኋላ፣ ከጎረቤቶች መካከል፣ ከእኔ ጎን ተቀምጣ ነበር። ማንም «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላላትም። ምን ብሎ ያጥናሽ ይበላት? ለጎረቤት እኮ እንደዚያ አይባልም። ኦቦ ገመቹ ክፉ ሰው አልነበረም። ከቀብር በኋላ ባርኔጣውን አውልቆ «የእህቴን ነገር ልውሰድ፣ ፈቃድሽ ከሆነ» አላት። እሷም «ውሰድ፣ አያ» አለችው። አልጋውን፣ ብርድ ልብሱንና የአዴ ጫልቱን የስፌት መኪና በኤንትሬ የጭነት መኪና ጭኖ ወደ ቢላ ሄደ። ሲጫን ቆሜ አየሁ። አራቱ የብረት እግሮች ወደ ሰማይ ተዘቅዝቀው ዝናብ ሲመታቸው ትዝ ይለኛል።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው የሺን ጠራት። ቤቱ የተመዘገበው በአዴ ጫልቱ ስም ነበር። ተመዝጋቢው ሲሞት ቤቱ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጅ ያልፋል፤ የሺ ግን ደባል ናት። ደባል ማለት በሌላ ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ነው፤ የቤቱ ባለቤት ሲሞት ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ክረምቱ ሲወጣ ቁልፉን እንድታስረክብ ተነገራት። የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም። ወሎን በልጅነቷ ነው የለቀቀችው፤ በዚያ ላይ ያኔ በድርቁ የተነሣ ከወሎ ሰው ለሰፈራ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ እኛ አገር እየመጣ ነው እንጂ ወደዚያ የሚሄድ የለም። ቤቱ ደግሞ ለማን እንደሚሰጥ ታውቋል፤ ለእኛ። ደጀኔ ማመልከቻ አስገብቶ ኖሯል። «ሁለት መስኮት፣ ሙሉ» ይለኛል። «ልጅ ሲመጣ የት ልናስተኛው ነው?» እውነቱን ነበር። እኔም ያንን በረንዳ እመኘው ነበር።

ድምፁን የሰማሁት በዚያ ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጥሎ ጥሎ ሲያባራ፣ ጉሙ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣና መንደሩ በቀን እንደ ምሽት ሲጨልም፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የየሺ መኪና ወጥ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ከጎኑ ጠክ አለ። አረፈ። ጠክ ጠክ ጠክ ብሎ ሮጠ። አረፈ። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። በማግስቱም ሰማሁት፤ ሁልጊዜ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሁልጊዜ ጉሙ ሲወጣ። ደጀኔ ቤት ሳለ ድምፁ ሲመጣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

«ቆርቆሮው ነው» አለኝ። «ዝናቡ ሲያባራ ይንጠባጠባል።»

«ቆርቆሮ ያነክሳል እንዴ?» አልኩት።

«እንግዲህ ዝም በይ፣ ሙሉ። ቤት እያገኘን ነው።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ድምፁ እየተሰማ ሳለ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁና የየሺን በር ገፋሁት። በሩ ሲከፈት ድምፁ ቆመ። የሺ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇ ጭኗ ላይ፣ እግሯ መርገጫው ላይ የለም። የአዴ ጫልቱ መኪና ይቆምበት የነበረው ጥግ ባዶ ነው። በጭቃው ወለል ላይ አራቱ የብረት እግሮች የቆፈሩት ጉድጓድ ይታያል፤ ዙሪያውን ግን አሁን የተጠረገ ይመስል ንጹሕ ነው። ከጎኑ በርጩማ ተቀምጧል። በርጩማው ባዶ ነው፣ ሆኖም መኪናው ይቆምበት ወደነበረው ቦታ ቀና ብሎ የተጠጋ ነው፤ ሰው ተነሥቶ የሄደበት በርጩማ እንደዚያ አይቀመጥም። የእርጥብ ጨርቅና የዘይት ሽታ ነበር፤ ካውያው ግን ቀዝቃዛ ነው። የሺ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም።

«አብሽሪ፣ ሙሉ» አለችኝ በወሎዋ አነጋገር፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። «አንቺን አይደለም የምትፈልገው።»

ወሬው ከእኔ አፍ አልወጣም፤ በረንዳው መንገድ ላይ ነው፣ ሌላም ሰው ሰምቶ ኖሯል። ገበያ ውስጥ ሴቶቹ ቅቤ እየመዘኑ በኦሮምኛም በአማርኛም እያደባለቁ ያወሩት ጀመር። «ኤከራ ናት» ይላሉ፤ ኤከራ የሞተ ሰው መንፈስ ናት። ጓድ ሊቀመንበራችን ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ ወጣት ነበር። ወሬው ጆሮው ሲገባ ተናደደ። ጉዳዩን ዝም ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ቤቱ በክረምቱ መጨረሻ በጸጥታ የእኛ ይሆን ነበር። እሱ ግን ጭፍን እምነትን በሕዝብ ፊት ላጋልጥ አለና ስብሰባ ጠራ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሺ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ዕቃዋን እንደ ጠቀለለች ሰምቻለሁ። ሊቀመንበሩ ተነሣና «ጓዶች! በዚህ ቀበሌ ሙታን ልብስ ይሰፋሉ እያለ አሉባልታ የሚነዛ አድሃሪ አለ» አለ።

ከመሐል አንድ ሰው «በድሮው ዋጋ ከሆነ እኔም ኮት አሰፋለሁ!» አለና አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ፈገግ አለ። ሳቁን ሊጠቀምበት ፈለገ።

«ጓድ ሙሉነሽ፣ ተነሺ» አለኝ። «በግድግዳው አጠገብ የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ያልተማርሽ አይደለሽም። ለተሰብሳቢው ንገሪ፤ ከዚያ ቤት የስንት የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማሻል?»

ደጀኔ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ሳበው። ሁለት መስኮት፣ በረንዳ፣ ልጁ የሚተኛበት ጥግ፣ ሁሉም በዚያ ጣት ውስጥ ነበሩ። ተነሣሁ።

«የሁለት» አልኩ።

«አንዱን ወንድሟ ወደ ቢላ ወስዶታል።»

«አውቃለሁ። ሲጫን ቆሜ አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«የሁለት ነው የሚሰማኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። አንዱ ያነክሳል።»

የሳቀ አልነበረም። ውጭ ጉሙ በመስኮቱ ላይ ቆሟል። ከፊት ረድፍ አዴ ዲንቄ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። የሰፈሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ቸርች ሲዘጋ ቁልፉን አላስረክብም ብለው ታስረው የወጡ፤ ማንም «ይቀመጡ» አይላቸውም።

«ልጄ፣ አንተ የሩቅ አገር ሰው ነህ፣ አይፈረድብህም» አሉ። «እኔ ጌታን ተቀብያለሁ። ለኤከራ አልሰግድም። ግን አውቃታለሁ፤ እናቴ ቤት ስትመጣ እያየሁ አድጌአለሁ። ዝም ብላ በሰው በር አትገባም። የሞተች እናት ወደ ልጇ ትመጣለች። የሞተች ሚስት ወደ ባሏ ትመጣለች። ደባል ጋ ስትመጣ ሰምቼም አይቼም አላውቅም።» ወደ ኋላ ዞረው የሺን ረጅም ጊዜ አዩዋት። «እንግዲህ ጫልቱ ወደ ማን ነው የመጣችው? አንተ ንገረኝ።»

«አዴ፣ ይህ ጭፍን እምነት ነው» አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ግን ቀንሷል።

«ይሁን። አንተ ዓይንህ የበራ ነህ፤ ግባበታ። ቁልፉን ያዝና ዛሬ እዚያ እደር።»

ሊቀመንበሩ ካኪውን አስተካከለ። ወደ እኛ ዞረ። «ጓድ ደጀኔ፣ አመልካቹ አንተ ነህ። ቤቱን ትረከባለህ?»

ደጀኔ ቆቡን በእጁ አዞረ። «እኔ... ያለንበት ክፍል ይበቃናል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ።

«ሌላ የሚፈልግ?»

ቤት በጠፋበት በዚያ ዘመን፣ ባልና ሚስት ከአምስት ልጅ ጋር በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ከተማ፣ አንድም እጅ አልወጣም። «ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ተባለ። በሚቀጥለውም አልተነሣም፣ ከዚያ በኋላም አልተነሣም።

እኔ የማልረሳው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ አዴ ዲንቄ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ሄዱ። በየሺ ፊት ቆመው፣ የባል ወይም የሚስት ሐዘን ለደረሰበት ሰው እንደሚደረገው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ እግዚአብሔርን በኦሮምኛ ጠርተው፣ «ዋቃ ያጥናሽ፣ ልጄ» አሏት። ከኋላቸው ሌላ ሴት፤ ከዚያ ሌላ። ያ በስብሰባው ላይ የቀለደው ሰውዬ ሳይቀር ባርኔጣውን አውልቆ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላት። ክረምቱን ሙሉ ያላለቀሰች ሴት ያኔ አለቀሰች። ማንም ሰው ግን የምን ሐዘን እንደሆነ በስሙ አልጠራውም። አዳራሹ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ተብሏል፤ የተናገረችው ግን የሞተችዋ ናት፣ እኛ አይደለንም።

የሺ እዚያ ቤት ዓመታት ኖረች። እኛም በጠባቧ ክፍል ሁለት ልጆች አሳደግን፤ ልጆቼ ሁለቱን መኪናዎች እየሰሙ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር፤ እነሱ አይፈሩም፣ ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት ድምፅ ነው። ደጀኔ እስኪሞት ድረስ ቆርቆሮው ነው አለ። የሺ የሞተችው የደርግ ወታደሮች ጠመንጃቸውን እየጣሉ በከተማችን ባለፉበት ሰሞን ነው። የምታጥባት ዘመድ አልነበረቻትም፤ አዴ ዲንቄና እኔ አጠብናት። የልብስ ሣጥኗን ስንከፍት ያንን ነጭ የሳቲን ቀሚስ አገኘነው፤ በአቡጀዲ ተጠቅልሏል። አዴ ዲንቄ ትንሽ አሰቡና «ይህን እናልብሳት፤ ከላይ በመግነዙ እንሸፍነዋለን፣ ማን ያያል» አሉ። ልክዋ ነበር። ወደ ታች ስስበው ያቺ ክፍት ስንዝር ትዝ አለችኝና ጠርዙን ገለበጥኩት።

ተዘግቷል። በእጅ ነው የተዘጋው፤ ጥልፉ በሙሉ ወደ ተቃራኒ ያዘነበለ ነው።

የሺ የምትሰፋው በቀኝ እጇ ነበር። ከአዴ ጫልቱ ጋር ያን ሁሉ ዓመት ኖራ የግራ እጅ አጠላለፏን ተምራው ይሆናል፤ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አዴ ዲንቄ ግን ጣታቸውን በጥልፉ ላይ አሳለፉ። ጨርቁን መልሰው እግሯ ላይ በቀስታ አስተካከሉት፣ ለቆመች ሙሽራ እንደሚደረገው።

ቤቱ ፈርሷል። አሁን ሰማያዊ መስታወት ያለው ሕንፃ ነው፤ ከታች ፋርማሲ፣ ከላይ ቢሮ። ያኔ በገበያ ያወሩ የነበሩት ሴቶች አብዛኞቹ የሉም። መምህር፣ «አስተያየታችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ ጻፉ» ለሚለው ያለኝ ምክንያት ይህ ብቻ ነው። ቸርች ማንን እንደምታጋባ የቸርች ጉዳይ ነው፤ እኔም ቸርች የምሄድ ሰው ነኝ፣ ከሽማግሌዎቻችን ጋር አልከራከርም። ስለ ሌሎች አገሮች ሕግም የማውቀው ጥቂት ነው። የምጽፈው መልስ ውጤቴን ሊቀንስ እንደሚችል፣ ክፍሉም እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ሆኖም ከአንድ ጭቃ ግድግዳ ወዲህ ዓመታት ኖሬአለሁ። ሕግ ባል ወይም ሚስት ሲሞት ቁልፉ በማን እጅ ይቅር፣ መኪናውን ማን ይውሰድ፣ «ያጥናሽ» የሚባለው ለማን ነው ብሎ የሚመልስ ነገር ከሆነ፣ ለእነዚያ ሁለት ሴቶችም መመለስ ነበረበት። እሱ ዝም ስላለ አንዲት አንካሳ ሴት ከመቃብሯ ተነሥታ፣ በዝናብ ውስጥ ከቢላ መንገድ ተመልሳ፣ በባዶ ጥግ ተቀምጣ እየሰፋች መመስከር ነበረባት። መልሴ «ይፈቀድ» የሚል ነው። ሰው በሕይወቱ ሳለ ማን ለማን እንደሆነ ይታወቅለት፤ ሲሞት ደግሞ ይረፍ።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ከገበያው ወደ ላይ ወጣ። ልብስ ሰፊው መርገጡን አቁሞ አየኝ። «እማማ፣ ዝናቡ ቆሟል እኮ፤ ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። በርጩማውን መለስኩለትና ጥቂት ቆሜ አዳመጥኩ። የተሰማኝ የቆርቆሮው ጠብታ ብቻ ነበር፤ አያነክስም። ደስ አለኝ። ወደ ቤቴ ሄድኩ።